አስኒ፣ ክራሯና የጌሻ ደን

ጀበናው ይጣድ፣ ረከቦቱም ይቅረብ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ረዘም ይላል። እናንተ የሚዛን ተፈሪ፣ የአማን፣ የቴፒና የበበቃ ሰዎች፣ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ። ወጉ የሚነሳው ከሚዛን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ነው፤ የሚያርፈው ግን እናንተው ዘንድ፣ ጎሪ ጌሻ ደን አጠገብ ነው። በመካከሉ መድረክ አለ፣ ክራር አለ፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ፓሪስ አለ፣ ፓናማም አለች። ይህን ሁሉ ምን አገናኘው ያላችሁ እንደሆነ፣ ካሜራ የያዘች አንዲት ሴት ናት ያገናኘችው። እሷን በቦታዋ አመጣታለሁ። አሁን የምነግራችሁ ስለ አስናቀች ወርቁ ነው።

አስናቀች የተወለደችው በ1920ዎቹ ማብቂያ ግድም፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ጊዜው ጣሊያን ድንበር ላይ ጦር የሚያከማችበት፣ መኰንን ሀብተ ወልድ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቁመው ሕዝቡን በዲስኩርና በዘፈን ለዘመቻ የሚቀሰቅሱበት ነበር። ያ ማኅበር በኋላ የሀገር ፍቅር ቲያትር ሆነ። ልጅቱ ስታድግ ወረራው አልፎ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ ከተማዪቱ አዲስ ጨዋታ እየለመደች ነበር። አስናቀች ክራር አነሳች። ያስተማራት መምህር የለም፤ በገዛ ጣቷና በገዛ ጆሮዋ ነው የለመደችው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ክራር ያነሳች ልጃገረድ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ካላወቃችሁ የቀረው ወግ አይገባችሁም። በገና የዳዊት ነው፤ ለምስጋና፣ ለጾም፣ ለጸሎት ይደረደራል። መሳፍንትና መኳንንት፣ ወይዛዝርትም ሳይቀሩ በገና ቢደረድሩ ክብር ነበር። ክራር ግን የዓለም ነው ተባለ፤ የፍቅር፣ የጠጅ ቤት፣ የሌሊት። ሰይጣን ነው የሠራው የሚል ተረት ሳይቀር ተለጥፎበታል። በክራር የሚያድር ወንድ «አዝማሪ» ተብሎ በንቀት ይጠራል፤ ሴት ስትሆን የሚጨመርባትን ስም እኔ እዚህ አልደግመውም። ወላጅ ልጁን ከክራር የሚጠብቀው ከክፉ ሰው በሚጠብቅበት ዓይን ነበር። አስናቀች ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ያነሳችው።

መድረኩስ? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ግድም ለመኳንንቱ ካሳዩ በኋላ፣ ከዚያም ዮፍታሔ ንጉሤ የተማሪ ቤት ልጆችን እየሰበሰቡ ተውኔት ሲያሠሩ፣ ሴት መድረክ ላይ አልነበረችም። በታሪኩ ውስጥ እናት ካለች ወንድ ነው እናት የሚሆነው። ሙሽራም ካለች ሙሽራዋ ወንድ ነው። ከድል በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቲያትር ክፍል ሲያቋቁምም ነገሩ ያው ነበር። እናንተም እኔም እንደ አያት የምናውቃቸው አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ከመንገራቸው በፊት በማዘጋጃ ቤት መድረክ ላይ ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው የሚጫወቱ ተዋናይ ነበሩ። ሴት አልተገኘማ! አባባ ተስፋዬ ያን ሥራ በፍቅር ነው የሠሩት፤ ያዝናኑትም ሕዝብ ብዙ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ አገሩ ሙሉ ሴት ሞልቶ፣ ስለ ሴት የሚያለቅስ ተውኔት ሲሠራ፣ እንባውን የሚያፈሰው ወንድ ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕንድ ፊልም የምትወዱ ብዙዎቻችሁ ናችሁና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በቦምቤይ በኩል ማራቲ የሚናገር ሕዝብ አለ፤ ቲያትሩ የታወቀ፣ ሙዚቃው የከበረ። በዚያ መድረክ ባል ጋንዳርቫ የሚባል ወንድ ተዋናይ ሴት ሆኖ ሲጫወት፣ የትልልቅ ቤት ሴቶች የሳሪ አለባበስና የጠጉር አሠራር ከእሱ ይቀዱ ነበር። የሕንድ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም የሚባለውን «ራጃ ሐሪሽቻንድራ»ን በፈረንጆች 1913 የሠራው ዳዳሳሄብ ፋልኬም የዚያው አገር ሰው ነው። ንግሥቲቱን የምትጫወት ሴት ቢፈልግ፣ ቢለምን፣ ሴተኛ አዳሪዎቹ እንኳ እምቢ አሉት። መጨረሻ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት እጁ ቀጭን፣ መልኩ ለስለስ ያለ ወጥ ሠሪ አገኘ፤ አና ሳሉንኬ ይባላል፤ ንግሥት አደረገው። ከ20 ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1932፣ ዱርጋ ኮቴ የምትባል የጨዋ ቤት ልጅ የመጀመሪያው የማራቲ ድምፅ ያለው ፊልም ላይ ስትታይ፣ ስለ ሴት ተዋናይ የሚወራው ያ ሁሉ ሐሜት መብረድ ጀመረ። እንግዲህ በዚያም በእኛም አገር አንዲት ሴት ቀድማ መውጣት ነበረባት።

በእኛ አገር የወጣችው አስናቀች ናት። በ1945 ዓ.ም. ግድም «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት መድረክ ላይ ቆመች። የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ እሷ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የሀገር ፍቅሯን ሰላማዊት ገብረ ሥላሴን የሚያስቀድሙም አሉ። እኔ በዚህ አልከራከርም። ሁለቱም በባዶ ሜዳ ላይ ነው የቆሙት፤ ከፊታቸው ተከትለው የሚሄዷት ሴት አልነበረችም። ዛሬ ሴት ልጁ ቴሌቪዥን ላይ ስትወጣ ጎረቤት የሚጠራ አባት፣ የዚያን ጊዜ ቢሆን ከቤት ያባርራት ነበር።

እስቲ ያን ምሽት አስቡት። ተመልካቹ ወንድ ሴት ሆኖ ማየት ለምዷል፤ ሲያይ ይስቃል፣ ሲያይ ያለቅሳል፣ ግን በልቡ «ይኼ እገሌ ነው» ይላል። አሁን ግን የወጣችው እውነተኛ ሴት ናት። ስትወድ እውነተኛ ሴት ናት የምትወደው፤ ስትከዳም እንደዚያው። ተመልካቹ ከእንግዲህ ተውኔቱን ከሰውየዋ የሚለይበት መላ አጣ። ስለዚህ የተጫወተችውን ሁሉ በሕይወቷ ላይ ለጠፉባት። ባለጌ ተጫውታ ስትወርድ ባለጌ አሏት። ሴት ተዋንያን ለረጅም ዘመን የከፈሉት ዕዳ ይኸው ነው፤ ወንዱ ሌባ ሆኖ ተጫውቶ ሲወጣ «ጎበዝ ተዋናይ» ይባላል፤ ሴቷ ግን ቤቷ ድረስ ይከተላታል። አስናቀች ይህን ተሸክማ ነው በማግሥቱ እንደገና የቆመችው፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር ትልቁ ቲያትር ቤት ተመረቀ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ይባል ነበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር ነው። አዲስ አበባ የሄዳችሁ ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ታውቁታላችሁ፤ አንበሳው ራሱ የዚያው በዓል መታሰቢያ ነው። ቲያትር ቤቱ የተከፈተው በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ወደዚያ ተዛወሩ፤ አስናቀችም የዚያ ቤት ሰው ሆነች። በዚያ ዘመን የቲያትር ቤት ባልደረባ ማለት ሁሉንም የሚሠራ ነው፤ ማታ ይተውናል፣ ቅዳሜ ይዘፍናል፣ ለበዓል ይጨፍራል። አስናቀች ትወና፣ ዘፈን፣ ውዝዋዜና ክራር አንድ ላይ የያዘችው ለዚህ ነው። ሥራው እንዲህ ነበር፤ እሷ ደግሞ በአራቱም ትበልጣለች።

ስለ ክራሯ ግን ተለይቶ መነገር አለበት። ክራር ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱ አምስት ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል። አመታቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ድርድርና ግርፍ። በድርድር ጣቶች ክሩን አንድ በአንድ እየነኩ ይሄዳሉ። በግርፍ ሲሆን ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ባንድ ጊዜ ይገርፋቸዋል፣ ግራ እጅ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ መሰማት የሌለባቸውን በጣት አፍኖ ይይዛል፣ ተራው የደረሰውን ይለቃል። ሰሚው የሚሰማው ዜማ የተለቀቀውን ክር ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል መሻገር ሲያሻ ክሩን እንደገና መቃኘት ግድ ነው፤ ጆሮ ካልሠለጠነ አይሆንም። አሁን በዚህ ላይ ድምፅ ጨምሩበት። ግጥም ጨምሩበት። ታዳሚውን በዓይን እያዩ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እየመዘኑ፣ ስንኙን እዚያው የመቋጠር ችሎታ ጨምሩበት። አስናቀች ይህን ሁሉ ብቻዋን፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታደርገዋለች። ባንድ የለ፣ አጃቢ የለ።

የአዝማሪ ጥበብ ዋናው ሰምና ወርቁ ነው፤ አንድ ስንኝ ሁለት ነገር ይናገራል፣ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው አብሮ ያጨበጭባል። አስናቀች የዚህ ጌታ ነበረች። ከዘፈኖቿ «እንደ ኢየሩሳሌም»ን ያልሰማችሁ ካላችሁ ፈልጋችሁ ስሙት። ትዝታዋን ደግሞ ሌሊት ስሙት፤ ቀን ሲሆን ይባክናል። ድምፅዋ የጠራ አይደለም፤ ሸከር ያለ፣ ብዙ ያየ ድምፅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቅነቷ እዚያው ላይ ነው። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች ብዙ አሉን። ሲዘፍኑ ሰው ሲሆኑ የሚሰሙ ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ያንን ደግሞ ያመጣችው ከመድረክ ይመስለኛል። ተዋናይ ስለሆነች እያንዳንዱን ስንኝ ለአንድ ሰው እንደሚነገር አድርጋ ነው የምትለው።

1967 ዓ.ም. መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ተተካ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሌሊት የሚባል ነገር ከአዲስ አበባ ጠፋ። ሌሊት ያደገ ጥበብ ሌሊቱ ሲወሰድበት ምን እንደሚሆን አስቡ፤ ክራር የሚመታባቸው ቤቶች በጊዜ በራቸውን ዘጉ፣ ደጋሹም ታዳሚውም ሮጦ ቤቱ ይገባ ጀመር። የአስናቀች የታወቁት ቅጂዎች በዚሁ ሰሞን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ የተቀረጹ ናቸው። ካሴት የሚባለው አዲስ ነገር ከሸክላው ቀላል፣ ርካሽ፣ ለመንገድም የሚመች ሆነና ዘፈኑ ከሰዎቹ ይልቅ ራቅ ብሎ መሄድ ቻለ፤ ጅማን አልፎ፣ ቦንጋን አልፎ፣ ቡና ሊጭን በሚወርድ መኪና ጋቢና ውስጥ። ያኔ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ መንገዱ በክረምት የሚዘጋ፣ ጭቃው ጎማ የሚውጥ ነበርና ሾፌሩ ያለችውን አንዲት ካሴት ፊትና ጀርባ እያገላበጠ ነው የሚደርሰው።

ከዚያ ያለውን በአጭሩ ላልፈው። ዓመታት ሄዱ፣ አዳዲስ ድምፆች መጡ፣ አስናቀች ከመድረክ ወረደች። የቲያትር ነገር ከዘፈን የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ዘፈኗ በሸክላና በካሴት ቀርቷል። ትወናዋ ግን ያኔ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ በዘመኑ መድረክን በቪዲዮ መቅረጽ የለም። ያያት ሰው ካልተናገረ፣ እሷም ካልተጠየቀች፣ የኢትዮጵያ ሴት በመድረክ ላይ እንዴት እንደጀመረች የሚነግረን አይኖርም። እኛ ደግሞ የሞተን ማመስገን እንጂ ያለን መጠየቅ እንዘገያለን፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

በፈረንጆች 2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በሚያሳትመው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የድሮ ዘፈኖች ተከታታይ ውስጥ 16ኛውን ለአስናቀች ብቻ ሰጠው። ርእሱን «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደማለት አድርጎ አወጣው። ያኔ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኒውዮርክ ያለ ሰው አማርኛ ሳያውቅ ቁጭ ብሎ ሰማት። ስሟ ከዘመዶቿ ቀድሞ በባዕዳን አንደበት እንደገና ተነሳ።

አሁን ቡናውን ድገሙልኝ፤ ወደ እናንተ አገር ወርጃለሁ።

እንደ አስናቀች ሁሉ ስሙ በባዕዳን አንደበት የተነሳ ሌላ ነገር ደግሞ ከአገራችሁ ወጥቶ ነበር። በፈረንጆች 1931 በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ አካባቢ የቡና ፍሬ ሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ፍሬው ከኬንያ ወደ ታንዛንያ፣ በ1953 ደግሞ ኮስታ ሪካ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ተሻገረ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። ምርቱ ትንሽ ነው ተብሎ ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለብቻው ለቅሞ፣ ለብቻው አድርቆ ለውድድር አቀረበው። የቀመሱት ዳኞች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ አበባ አበባ የሚል ቡና ነው። ግማሽ ኪሎ በማይሞላ አንድ ፓውንድ 21 ዶላር ተከፈለበት፤ በጊዜው ተሰምቶ የማያውቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ በዓለም «ጌይሻ» እያሉ የሚጠሩት ይህ ነው። ብዙ ጠጪዎች ስሙን የጃፓን መስሏቸው ይጠጡታል፤ ጌሻ ግን እዚሁ ነው፣ እናንተ የምታውቁት ደንና ተራራ።

እንግዲህ ያቺ ባለ ካሜራ ሴት የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ራሔል ሳሙኤል ትባላለች። ኢትዮጵያ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያ ናት። በፈረንጆች 2007 ግድም ከባለቤቷ ከአዳም ኦቨርተን ጋር ስለ ኢትዮጵያ ቡና የሚናገር ፊልም ለመሥራት ወደዚህ ምድር ወረደች። ሊቀርጹ መጥተው ነገሩ በዚያ አላበቃም። የጌሻ ቡና ከዚህ ወጥቶ ፓናማ ሲከብር፣ እዚህ በስሙ የሚጠራ እርሻ አለመኖሩ አላስተኛቸውም። በ2009 ዊለም ቡት ከሚባል የቡና ባለሙያ ጋር ጎሪ ጌሻ ደን ገብተው ዘር አዩ፣ መረጡ። በ2011 በዚያው በያኔው ቤንች ማጂ ዞን፣ ዛሬ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ በተከፈለው ምድር፣ ሜኒቶች መካከል 475 ሄክታር ያህል ይዘው «ጌሻ ቪሌጅ» ያሉትን እርሻ ጀመሩ። ከፍታው ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ነው፤ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ያድጋል። የእርሻውን ክፍሎች ኦማ፣ ሱርማ፣ ባንጊ፣ ናርሻ፣ ዲማ እያሉ ሰየሟቸው፤ ዛሬ ጃፓንና አሜሪካ ያለ ቡና የሚቆላ ሰው እነዚህን ስሞች ከረጢት ላይ ያነባቸዋል።

የሥራውን ነገር እናንተ ከእኔ ታውቃላችሁ፤ ለሩቅ ሰው ግን ልንገረው። ለቃሚዋ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ትገባለች። አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እሸት አብረው አሉ። የምትነካው ቀዩን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሲደርስ ትመለስበታለች። እሸቱ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ የተንሳፈፈው ይወገዳል። ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሴቶች ከግራና ቀኝ ቆመው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፍኑታል። በሚዛን ዝናብ መች ይታመናል! ቡናው ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ ድረስ በእጅ ያልተነካ ፍሬ የለም።

እኚያው ባልና ሚስት፣ በዚያው ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሥራ ይዘው ነበር። ራሔል አስናቀችን ፈልጋ አገኘቻት። አስናቀች ያኔ ታማ አልጋ ላይ ናት። ራሔል ካሜራዋን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጠየቀቻት፣ አዳመጠቻት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስለ አስናቀች ሲያወራ የኖረውን አስናቀች ራሷ እንድትናገር ተደረገ። የደፈረችውን፣ የወደደችውን፣ ያጣችውን፣ የከፈለችውን። የፊልሙ ስም «አስኒ» ነው፤ ወዳጆቿ የሚጠሯት በዚያ ስም ነውና። እኔ በዚህ ሥራ በጣም የምወደው ነገር ልማዳዊ የሽኝት ንግግር አለመሆኑ ነው። አንድን አርቲስት «ቅድስት» አድርጎ መቅበር ቀላል ነው። ፊልሙ ግን ውበቷንም፣ ድፍረቷንም፣ ዓለም ወዳድነቷንም አይሸፍንም፤ ያ ሁሉ ባይኖር ኖሮ መድረኩ ላይ የሚወጣ ሰው አይገኝም ነበርና።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በቀናት ውስጥ አረፈች። በፈረንጆች ቁጥር 2011 ነበር። እርሻው ላይ ከተመረጡት ዘሮች አንዱን «ጎሪ ጌሻ 2011» ብለው ነው የሰየሙት። አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ አንዲት ታላቅ እናት ሸኝታ፣ እዚህ ችግኝ አጸደቀች። ፊልሙ አስናቀች ካረፈች በኋላ ለእይታ በቃ፤ በአገር ውስጥም በውጭም ታየ። በፈረንጆች 2017 ደግሞ እርሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናውን በራሱ ጨረታ ሸጠ፤ ገዢዎች ከዓለም ዙሪያ ተሻሙበት።

እኔ ይህን ወግ ለአዲስ አበባ ሰው ከማውራት ይልቅ ለእናንተ ያመጣሁት በምክንያት ነው። የአስናቀችን ድምፅ በመጨረሻው ሰዓት የያዘችው ሴት ዛሬ ጎረቤታችሁ ናት። ከደኑ ባሻገር የምትኖሩት ሜኒቶች፣ ቤንቾች፣ ሸኮዎች፣ ዲዚዎች፣ ሱሪዎች፣ ሸካቾዎች፣ ካፊቾዎች፣ መዠንግሮች፣ እናንተም እናቶች አሏችሁ፤ ለሠርግ የሚዘፍኑ፣ ለለቅሶ የሚያወጡ፣ በአንድ ስንኝ ሁለት ነገር የሚናገሩ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቢሮዎች ተከፈቱ፣ ባህልና ቱሪዝም የሚል ሰሌዳም ተሰቀለ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነው፤ ተማሪው ስልክ አለው፣ ስልኩም ካሜራ አለው። አስናቀችን ለመቅረጽ ከአሜሪካ ሰው መምጣት ነበረበት። የሸኮዋን ዘፋኝ ለመቅረጽ ግን ከአማን እስከ ቀበሌዋ የሚወስድ የባጃጅ ሒሳብ ይበቃል።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። «አስኒ»ን ፈልጉና በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ በበበቃ ሠራተኞች ክበብ፣ በቴፒ ወጣት ማዕከል አሳዩት። ትርጉም የሚያስፈልጋቸው እናቶች አጠገብ በቤንችኛም፣ በሜኒትኛም የሚያስረዳ ልጅ ይቀመጥ። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን አብሩና «ከእኛ መንደር መጀመሪያ በሰው ፊት የቆመችው ሴት ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም የሚጠራ አዛውንት አይጠፋም። ያቺ ሴት በሕይወት ካለች፣ በማግሥቱ ጠዋት ቡና ይዛችሁ ቤቷ ሂዱ።